"ሰጠች" ወይስ "ሸጠች"? ዓይናችን ሲሸወድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ስካነር፣ ለባለጉዳይ አንድ ወንበር። በቃ። ጠዋት ቆፈኑ ጣቴን አላንቀሳቅስ ሲለኝ መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ አቅፌ እቀመጣለሁ፣ ከዚያ ነው ኪቦርዱን የምነካው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከመንዝ በኩል መጡ። ከመቀነታቸው የተጣጠፈ ወረቀት ፈትተው ሰጡኝ። የኮፒ ኮፒ ነው፤ ምናልባትም የኮፒ ኮፒ ኮፒ። "ልጄ፣ እቺን በኮምፒውተር ገልብጥልኝ፣ ዓይን ትፈጃለች" አሉኝ። ገለበጥኩ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። "ይህንን ቦታ ለወንድሟ ልጅ ሸጠች" የሚለው ላይ ስደርስ ብድግ አሉ።

"ማን? እኔ? ኧረ በስመ አብ! ሰጠሁት እንጂ መቼ ሸጥኩት!"

ወረቀቱን የመስኮቱ መስተዋት ላይ ለጥፌ አየሁት። እውነታቸውን ነው። የተጻፈው "ሰጠች" ነው። ከሰ አናት ላይ ያለችው ሰረዝ የጸሐፊው እጅ አይደለችም፤ የሆነ ጊዜ የሆነ ኮፒ ማሽን ላይ የነበረ ጭረት ነው። ጭረቱ ከፊደሉ አልፎ እስከ ኅዳጉ ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እኔ ግን ስጽፍ ጭረት አላየሁም። ያየሁት ሸ ነው። ጥርት ያለ ሸ። ለአንዲት ሰከንድ እንኳ አልተጠራጠርኩም።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የማይነበብ ፊደል ሲገጥማችሁ ትጠይቃላችሁ። ተሳስታችሁ ግን ጥርት አድርጋችሁ ያነበባችሁትን ማን ይጠይቅላችኋል? ከዚያ ወዲህ ዓይን እንዴት ፊደል እንደሚለይ፣ ምን እንደሚያሳስተው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ብዙዎቻችን የምናጠፋቸውን (አብዛኞቹን እኔ ራሴ ያጠፋኋቸውን) አንድ በአንድ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።

ድብዘዛንና ጫጫታን አንድ ማድረግ

ጣርማበርን በክረምት ያለፈ ሰው ጉም ምን እንደሆነ ያውቃል። ዋሻው አፍ ላይ ስትደርሱ የፊተኛው መኪና መብራት እንኳ ይጠፋል። ሾፌሩ ምን ያደርጋል? ቀስ ይላል። አንገቱን በመስኮት ያወጣል። ለምን? እንደማያይ ስለሚያውቅ ነዋ። ጉም ቢያንስ አይዋሽም። "አላሳይህም" ብሎ በግልጽ ይነግርሃል።

ጫጫታ ግን ይዋሻል። የዓይን ጫጫታ የምለው ከምንፈልገው ምስል ጋር ተቀላቅሎ የሚገባውን ሌላ ምስል ሁሉ ነው። የቶነር (የኮፒ ማሽኑ የዱቄት ቀለም) ነጠብጣብ፣ ጭረት፣ ከወረቀቱ ጀርባ ዘልቆ የሚታይ የማኅተም ቀለም፣ ከጽሑፉ ሥር የተኛ ፎቶ፣ አንዳንዴም የጎረቤት ፊደል ሳይቀር። የድሮው ቴሌቪዥን አንቴናው ሲዞር ስክሪኑ ላይ የሚርመሰመሰው ነጭና ጥቁር ነገርም ያው ነው። እነዚህ ሁሉ የራሳቸው ቅርጽ አላቸው። ስለዚህ ዓይንና አንጎል "ይቺ ነጠብጣብ የፊደሉ አካል ናት ወይስ አይደለችም?" ብለው መወሰን አለባቸው። የሚወስኑት ደግሞ እናንተን ሳያማክሩ ነው።

መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። ለደበዘዘ ጽሑፍ ብርሃን ትጨምራላችሁ፣ ጠጋ ትላላችሁ፣ ቀለሙን ታጠቁራላችሁ። ጫጫታ ያለበትን ብታጠቁሩት ግን ጫጫታውም አብሮ ይጠቁራል። ስንት ጊዜ ነው ባለጉዳይ "ትንሽ አጥቁረው" ሲለኝ አጥቁሬ ይባስ ያበላሸሁት!

ከኮፒ ላይ ኮፒ ማንሳት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛን ፊደል በተለየ ሁኔታ ነው የሚጎዳው።

ሰ ላይ አናቱ ላይ ሰረዝ ስትጨምሩ ሸ ይሆናል። ተ ቸ ይሆናል፣ ነ ኘ፣ ከ ኸ፣ ዘ ዠ፣ ደ ጀ። ስድስት ጥንዶች፣ ልዩነታቸው በሙሉ አንዲት አናት ላይ ያለች መስመር። ሰባቱ ድምፆችም እንዲሁ ናቸው። ሊ እግሯ ሥር ሰረዝ አላት፣ ሌ ቀለበት አላት። ኮፒ ማሽን ቀለበቷን በቶነር ሲደፍናት ሌ እና ሊ አንድ ይሆናሉ። ሉ ወገቧ ላይ ያለችው ሰረዝ ከሳሳች ደግሞ ለ ሆና ታርፋለች።

እያንዳንዱ ኮፒ ሁለት ነገር ያደርጋል። ቀጭኗን መስመር ትንሽ ይበላል፣ የራሱን ነጠብጣብ ደግሞ ይጨምራል። ቀጣዩ ማሽን የትኛው ፊደል፣ የትኛው ቆሻሻ እንደሆነ አያውቅም። ሁለቱንም እኩል አክብሮ ያባዛል። አራተኛው አምስተኛው ኮፒ ላይ ስትደርሱ ፊደልና ነጠብጣብ በጥቁረትም በውፍረትም ይመሳሰላሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይለያቸዋል?

አብዛኛውን ጊዜ ቃሉ ያድነናል። "ቤት" የሚለው "ቢት" ቢመስልም ማንም "ቢት" ብሎ አያነብም፣ እንደዚያ የሚባል ቃል የለማ። ፊደል ብቻውን ከሚታይ በቃል ውስጥ ሲታይ በቀላሉ እንደሚለይ ከ1886 ጀምሮ፣ ጄምስ ካቴል ከሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሙከራ ወዲህ ይታወቃል። ጄራልድ ራይከር ደግሞ በ1969 በጥንቃቄ ፈተነው። ሰዎች አንድ ቃል ለቅጽበት ካዩ በኋላ ወዲያው ቦታው በሌላ ምስል ይሸፈናል፣ ከዚያ "ከእነዚህ ሁለት ፊደሎች የቱን አየህ?" ይባላሉ። ፊደሉ በቃል ውስጥ ሲሆን፣ ለብቻው ቆሞ ካዩት ይልቅ በተሻለ ለዩት።

ይሄ ጸጋ ነው፣ ግን ሁለቱም ቃል ከሆኑስ? ሰማ እና ሸማ። ደመረ እና ጀመረ። ሰጠ እና ሸጠ። እዚህ ላይ ያው ጸጋ ወጥመድ ይሆናል። አንጎል ቃል አገኘ፣ ደስ አለው፣ አለፈ። የቦታ ወረቀት ላይ ደግሞ "ሸጠ" የሚጠበቅ ቃል ነው፤ በቀን ስንት የሽያጭ ውል እጽፋለሁ! ያን ቀን ያነበበው ዓይኔ ሳይሆን ልማዴ ነበር። (አበደ እና አበጀም በአንዲት ሰረዝ ነው የሚለያዩት። የሰውን ስም አስቀድማችሁ አስቡት።)

ምን ይሻላል? ዋናውን አምጡ በሏቸው። ሩቅ ቢሆንም ይምጣ። ዋናው ከሌለ ያለውን በጣም አሮጌ ኮፒ ፈልጉ። ስካን ስታደርጉ ጥቁርና ነጭ ብቻ አታድርጉት፣ ግራጫውን ወይም ቀለሙን እንዲይዝ አድርጉ፤ የእስክሪብቶ ሰማያዊና የቶነር ጥቁር ወዲያው ይለያያሉ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ዋና ወረቀት ከሆነ ደግሞ መብራቱን ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። እስክሪብቶ ወረቀቱን ተጭኖ ስለሚሄድ ቀለሙ ቢለቅ እንኳ ጉድጓዱ ጥላ ይጥላል። ኮፒ ማሽን ጉድጓድ አይቆፍርም።

ፎቶ ላይ መጻፍ

"ባዶ አታድርገው፣ ሞቅ ይበል።" ይቺን ከደንበኛ በሰማሁ ቁጥር ብር ባገኝ ኖሮ ማሽኑን እቀይር ነበር።

ለአንድ ጓደኛዬ የእንግዳ ማረፊያ ባነር ሠራሁ። ሙሉ ጀርባው የጓሳ ጭላዳ ፎቶ ነው። ወንዱ ጭላዳ፣ ያ ግርማ ሞገሱ፣ ነፋስ የበተነው ጎፈሩ። ጎፈሩ ላይ በነጭ ስልክ ቁጥርና አገልግሎት ዘረዘርኩበት። ስክሪን ላይ ያምር ነበር። ሲሰቀል ግን ጭላዳውን ሁሉም ያያል፣ ስልኩን ማንም አያነብም።

ምክንያቱን በኋላ ነው ያገኘሁት። ጆሹዋ ሰለሞንና ዴኒስ ፔሊ በ1994 ፊደሎችን በተለያየ ዓይነት ጫጫታ ውስጥ እየከተቱ የትኛው ጫጫታ እንደሚጎዳ ለኩ። በጣም ደቃቅ የሆነው፣ እንደ ዱቄት የተበተነው፣ ብዙም አልጎዳም። በጣም ሰፊው፣ እንደ ደመና ቀስ ብሎ ከነጭ ወደ ጥቁር የሚሄደውም ብዙ አልጎዳም። ፊደልን የሚገድለው መካከለኛው ነው፤ በአንድ ፊደል ስፋት ውስጥ ጥቁርና ነጩ ሦስት ጊዜ ያህል የሚፈራረቅበት። ይሄ ደግሞ የፊደሉ እግሮችና ሰረዞች ካላቸው ውፍረት ጋር የሚቀራረብ ነው። ፊደልን ስንለይ የምንጠቀመው በዚያችው ጠባብ መስመር ነው ማለት ነው። በዚያ መስመር ላይ የሚገባ ጫጫታ መንገዱን ይዘጋዋል፣ ከዚያ ውጭ ያለው ግን ዳር ዳሩን ያልፋል።

የጭላዳው ጎፈር ክር ክር ውፍረት ከጻፍኩት ፊደል እግር ጋር እኩል ነበር! የጥለት ድርድርም፣ የገብስ ማሳ ፎቶም፣ የካብ ግድግዳም ያው ነው። በተቃራኒው የጠራ ሰማይ ወይም የራቀ ተራራ ጥላ ላይ ብትጽፉ ችግር የለውም። ከፎቶው ካልተፋታን ካላችሁ ከጽሑፉ ሥር ድፍን ቀለም ያለው ሰሌዳ አስገቡበት፣ ወይም ፎቶውን እዚያ ቦታ ላይ ብቻ አደብዝዙት። አያችሁ፣ ድብዘዛ የሚጠቅምበትም ጊዜ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፔሊና ባልደረቦቹ በ2006 የብዙ ቋንቋ ፊደሎችን አወዳድረው ነበር። ቅርጹ የተወሳሰበ ፊደል ጫጫታ ውስጥ ሲገባ ከቀላሉ ይልቅ እንደሚቸግር አገኙ። ስለዚህ ያቺ ቅርንጫፍና አበባ የበቀለባት የሠርግ ካርድ ፊደል፣ በፎቶ ላይ ስትወጣ፣ ሁለት ጊዜ ትጎዳለች።

አጠጋግቶ መደርደር

ይቺን መስቀል ትኩር ብላችሁ እዩ፤ ዓይናችሁን ሳታነሱ በጎን ያለውን ፊደል ለዩ።

+                    ሸ

አሁን ደግሞ ይቺን።

+                    ተሸከ

መሃለኛው ፊደል ያው ነው፣ በመጠንም በቀለምም። ሁለተኛው ላይ ግን የሆነ የተጠላለፈ ነገር ይሆናል። የሆነ ነገር እንዳለ ታያላችሁ፣ ምን እንደሆነ ግን አትለዩትም። ጎረቤቶቹ ጫጫታ ሆኑበት። ሄርማን ቦማ የተባለ የኔዘርላንድ ሰው በ1970 ልኬቱን አወጣው፦ ከምታተኩሩበት ነጥብ የራቀ ፊደል በደንብ እንዲለይ፣ ጎረቤቱ ቢያንስ የዚያን ርቀት ግማሽ ያህል መራቅ አለበት። ዓይናችሁ ካረፈበት 10 ሴንቲ ሜትር ወዲያ ያለ ፊደል ካለ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ባዶ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው።

ሰው ማስታወቂያ አይቶ ሲያልፍ ዓይኑን መጀመሪያ የሚያሳርፈው እናንተ በፈለጋችሁት ቦታ አይደለም፣ በጎን ነው የሚያየው። ሠላሳ መስመር የተጠቀጠቀበት ባነር በጎን ሲታይ ግራጫ ምንጣፍ ነው። ሰዎች "አይነበብም" ሲሏችሁ ፊደሉን አታተልቁ፤ መጀመሪያ ቃል ቀንሱ፣ አራርቁ።

የድሮ ቁም ጸሐፊዎች ይሄንን በደንብ ያውቁታል። ብራናውን በመስመር አስምረው፣ ኅዳጉን ለቀው፣ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ አስቀምጠው ነው የሚጽፉት። ብራና ደግሞ እንደ ወረቀት አይደለም፣ ፍየልና በግ ታርዶ፣ ቆዳው ተፍቆ ነው የሚገኘው። ያን ያህል ውድ ነገር ላይ ባዶ ቦታ የለቀቀ ሰው ስለ ባዶ ቦታ የሚያውቀው ነገር አለ። እኛ የፕላስቲክ ባነር ላይ እንሰስታለን።

"ካየሁት አይረሳኝም" ማለት

ተማሪዎች ይመጣሉ። የፈተና ሰሞን ወረፋው እስከ ውጭ ነው። የደበዘዘ፣ የተንሻፈፈ፣ ጥግ ጥጉ የጠቆረ ሃንድአውት። "ይነበባል እኮ፣ ዝም ብለህ ኮፒ አድርግልን።" እሺ፣ ይነበባል። ይያዛል ወይ?

ጆርጅ ስፐርሊንግ በ1960 የሠራው ሙከራ አለ። 12 ፊደሎች፣ በሦስት ረድፍ አራት አራት ሆነው፣ ለሰከንድ አንድ ሃያኛ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ሰዎች ሁሉንም ተናገሩ ሲባሉ አራት ገደማ ይላሉ። "ሌሎቹንም አይቻለሁ፣ ስናገር ግን ጠፉብኝ" ይላሉ። ውሸት ነው? ስፐርሊንግ ዘዴ ፈጠረ። ፊደሎቹ ከጠፉ በኋላ ወዲያው ድምፅ ያሰማል፤ ቀጭን ከሆነ የላይኛውን ረድፍ፣ መካከለኛ ከሆነ የመሃሉን፣ ወፍራም ከሆነ የታችኛውን ብቻ እንዲናገሩ። የትኛውም ረድፍ ቢጠየቅ ከአራቱ ሦስት ያህሉን አሉ። ስለዚህ ምስሉ በሙሉ ለአፍታ አንጎል ውስጥ ነበረ፤ በሰከንድ ውስጥ ግን ተነነ። ምስሉ እንደጠፋ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ነገር ቢታይ ደግሞ ከዚያም በፍጥነት ይሰረዛል።

ሌላው የፓትሪክ ራቢት ሥራ ነው፣ 1968። እሱ የሠራው በጆሮ ነው፣ ግን ነገሩ እዚህም ይመጣል። ሰዎች ቁጥሮች በጫጫታ ውስጥ ይሰማሉ። ቁጥሩን በትክክል ይለያሉ፣ "ምን ሰማህ?" ሲባሉ አይስቱም። በኋላ አስታውሱ ሲባሉ ግን በጸጥታ ከሰሙት ያነሰ ይይዛሉ። የገረመኝ ይሄ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች በጥራት ተሰምተው የኋለኞቹ ብቻ ጫጫታ ቢኖርባቸው፣ የመጀመሪያዎቹም ይጠፋሉ። ለምን? የኋለኞቹን ለመለየት የወጣው ጉልበት የፊተኞቹን ለመያዝ ከሚያስፈልገው ላይ ነው የተቀነሰው።

በአራዳ ቋንቋ፣ ሂሳቡ ከአንድ ኪስ ነው የሚወጣው። ፊደል በመለየት የደከመ ጭንቅላት ትርጉሙን ለማስቀመጥ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ስለዚህ የተበላሸ ሃንድአውት ካላችሁ መጀመሪያ በእጃችሁ ገልብጡት፣ ከዚያ ከራሳችሁ ጽሑፍ አጥኑ። ሁለቱን ሥራ ለያዩት። እኔ ገበያ ይቀርብኛል፣ ይቅር።

ለትንንሽ ልጆችም ያው ነው። በ2014 በወጣ ጥናት አና ፊሸርና ባልደረቦቿ የአጸደ ሕፃናት ልጆችን ግድግዳው በሥዕልና በቻርት በተሞላ ክፍልና ባዶ ግድግዳ ባለው ክፍል አስተማሩ። በተሞላው ክፍል ልጆቹ ይበልጥ ተዘናጉ፣ ያነሰም ተማሩ። ግድግዳ ሙሉ ቻርት አሳትማችሁ የምትወስዱ አስተማሪዎች፣ አልከለክላችሁም፤ ግማሹን ግን ሰሌዳው ካለበት ግድግዳ አርቁት።

"አስቸጋሪ ጽሑፍ አይረሳም" የሚለውን ማመን

ይሄ ከላይ ያልኩትን የሚቃወም ይመስላል፣ ኢንተርኔት ላይም ሞልቷል። በ2011 የወጣ ጥናት ለማንበብ ትንሽ የሚያስቸግር ፊደል ተማሪዎችን ይረዳል አለ፣ ዓለም ተቀባበለው። በ2018 ሜልቦርን ያለው የአርኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሳንስ ፎርጌቲካ የሚባል፣ ሆን ተብሎ የተቆራረጠ ፊደል አወጣ። ሐሳቡ "ዓይን ሲታገል ጭንቅላት ይይዛል" ነው። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሲፈትኑት ለማስታወስ የጠቀመው ነገር አላገኙም።

ተቃራኒውም ማታለያ ነው። ሮድስና ካስቴል በ2008 እንዳሳዩት ሰው በትልልቁ የተጻፈ ቃል እንደማይረሳው እርግጠኛ ይሆናል። ሲፈተን ግን ከትንንሹ አይበልጥም። ስለዚህ ማርከር አታባክኑ።

ማጉላት ሁሉን ይፈታል ማለት

"አጉላው፣ አጉላው!" ይሉኛል ከኋላዬ ቆመው። በቴሌግራም የተላከ የመታወቂያ ፎቶ ነው፤ ሳጎላው ካሬ ካሬ ይሆናል። የባሰ ሲጎላ የባሰ አይታይም።

ሊዮን ሃርመንና ቤላ ዩሌዥ በ1973 የአብርሃም ሊንከንን ፎቶ በትልልቅ ካሬዎች ከፋፍለው አሳዩ። ጠጋ ብለው ሲያዩት ሸክላ የተነጠፈ ወለል ነው። ራቅ ሲሉ ወይም ዓይን ጨፈን ሲያደርጉ ግን ሊንከን ብቅ ይላል። ፊቱ ሁልጊዜም እዚያ ነበር፤ የካሬዎቹ ስለታም ጠርዝ ጫጫታ ሆኖ ሸፍኖት ነው። ስታደበዝዙት ጠርዙ ይጠፋል፣ ፊቱ ይተርፋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ከማጉላት በፊት አሳንሱት፣ ራቁ፣ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉ። የምር ይሠራል፤ ባለጉዳዮቼ ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ሲያዩኝ እንቅልፍ የመጣብኝ ይመስላቸዋል። ቴሌግራም ላይ ሰነድ ስትልኩ ደግሞ እባካችሁ እንደ ፎቶ አትላኩት፣ እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ሲጨመቅ ፊደሎቹ ጠርዝ ላይ አቧራ ያበቅላል።

ማሽኑ ንጹሕ አድርጎ ካወጣው ልክ ነው ማለት

ስካን አድርጎ ምስሉን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም አለ፣ ኦሲአር ይሉታል። ቴሰራክት የሚባለው በነጻ ይገኛል፣ አማርኛም ያነባል። ድንቅ ነው። ግን ምን እንደሚያደርግ እንወቅ።

በድሮ ጊዜ ሰው ከማሽን የሚሻለው በጫጫታ ነበር። ድረ ገጽ ላይ ስትገቡ "እነዚህን የተጣመሙ ፊደሎች ጻፍ" የሚላችሁ፣ ካፕቻ የሚባለው፣ በዚያ እምነት ላይ የተመሠረተ ነበር። በ2014 ጉግል የራሱ ፕሮግራም በጣም ከባዱን ዓይነት 99.8 በመቶ በትክክል እንደሚያነብ አስታወቀ። ያ በር ተዘጋ።

ግን ይሄ በላቲን ፊደልና በተዘጋጀ ጫጫታ ነው። ለአማርኛ ብርሃኑ በላይና ባልደረቦቹ በ2019 ያቀረቡት ስብስብ 337,337 የጽሑፍ መስመር ምስሎች አሉት፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ ትልቁ ክፍል ግን በኮምፒውተር የተፈጠረ ነው። ጭስ የጠጣ፣ ቅቤ የነካው፣ መቀነት ውስጥ የከረመ የመንዝ ወረቀት ሌላ ዓለም ነው።

ሰዎች ሁለት ነገር ያጠፋሉ። አንደኛው ከመጠን በላይ ማጽዳት ነው። ፕሮግራሙ ነጠብጣብ ሲያጸዳ ትንሽ የሆነውን ሁሉ ይጠርጋል። የእኛ ፊደል ላይ ትንሽ የሆነው ምንድን ነው? የሌ ቀለበት፣ የሉ ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ። ቆሻሻ ተብለው አብረው ይጠረጋሉ። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ቀጥ አድርጋችሁ፣ በግራጫ ስካን አድርጉ፣ ጽዳቱን በትንሹ።

ሁለተኛው የከፋ ነው። ማሽን ሲጠራጠር እንደ ድሮው "?" አያስቀምጥም። እንደኔው ይገምታል፣ ጥርት አድርጎም ያወጣዋል። በ2013 ጀርመናዊው ዴቪድ ክሪሴል የቤት ፕላን ስካን ሲያደርግ የክፍሎቹ ስፋት ቁጥር እንደተቀየረ አየ። በሌላ ሰነድ ላይ ደግሞ 6 የነበረው 8 ሆኖ ወጣ። ማሽኑ ቦታ ለመቆጠብ የሚመሳሰሉ ቅርጾችን አንድ እያደረገ፣ አንዱን በሌላው ቦታ ይለጥፍ ነበር። ኮፒው ምንም ነጠብጣብ የለበትም፣ የተምታታ አይመስልም። የማሽኑ ሠሪ ዜሮክስ ኋላ ማስተካከያ አወጣ። ማሽኖቹ ግን እስኪታወቅ ድረስ ስንት ዓመት ሲሠሩ ኖረዋል።

የግዕዝ ቁጥር ያለበትን ወረቀትማ ለማሽን አልሰጥም። ፮ እና ፯ን እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ነው የማያቸው።

በራስ ዓይን ብቻ ማረም

የጻፋችሁትን ራሳችሁ ስታርሙ የምታነቡት ወረቀቱን አይደለም፣ የምታውቁትን ነው። እነዚያ እናት ፊደል አልቆጠሩም። ስህተቴን የያዙት ግን እሳቸው ናቸው፣ ስላነበብኩላቸው። አሁን ውል ስጽፍ ለባለቤቱ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳላነብ አላትምም። ስምና ቁጥር ላይ ስደርስ ደግሞ አንድ በአንድ፣ ፊደል በፊደል። ስም ላይ ቃሉ አያድናችሁም።

ስለ ራስ ዓይን ካነሳን አይቀር፣ የወጣት ዓይን ያነበበውን ሽማግሌ ያነበዋል ብላችሁ አታስቡ። በ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ሬቲናው ላይ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመቱ ከሚደርሰው ሲሶ ያህሉ ነው። የእኔ ሱቅ ደግሞ አንድ አምፖል ነው ያላት። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ነው ይባላል፤ እኔ ጋ አልደረሰም። ለአባባና ለእማማ የሚወጣ ማስታወቂያ ከሆነ ጥቁር በነጭ፣ አለቀ።

ባነር ሲሆን ዘዴዬ ቀላል ነው። በኤ4 ናሙና አትሜ በሬ ላይ እለጥፈዋለሁ። ከአስፋልቱ ማዶ ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ቀና ብላ ታየዋለች። ካነበበችው አውራ ጣቷን ታሳየኛለች። "ጣርማበር ነው!" ብላ ከጮኸች ተመልሼ ጭላዳውን አወጣለሁ።